የብረት ድልድይ፤ ብላቴንና ኦሞን ለሚሻገሩ ተማሪዎች የተጻፈ ትምህርት

፩ ስለ ወንዝና ስለ መንገድ

የወላይታ አገር በወንዝ የታጠረ አገር ነው። በምሥራቅ በኩል ብላቴ ወደ አባያ ሐይቅ ይወርዳል፤ በምዕራብ በኩል ኦሞ በጥልቅ ሸለቆ ውስጥ እየዞረ ወደ ደቡብ ይሄዳል። ኦሞ በ2009 ዓ.ም. በተመረቀው በጊቤ ሦስተኛ ግድብ ተከትሮ ዛሬ ከግድቡ በላይ ረዥም ሐይቅ ሆኗል። በሁለቱ ወንዞች መካከል የዳሞታ ተራራ ቆሞ፥ ከጎኑ የሚወጡትን ምንጮችና ጅረቶች በዙሪያው ላለው አገር ያከፋፍላል። በበጋ ከቁርጭምጭሚት የማያልፍ ጅረት በክረምት ከባድ ዝናብ ሲወርድበት ግንድና ድንጋይ የሚነዳ ጎርፍ ይሆናል።

እንግዲህ ከወንዝ ማዶ የሚኖር ሰው ዝንጅብሉንና ቅቤውን ይዞ ወደ ሶዶ ገበያ ለመምጣት፥ የታመመ ልጁን ወደ ሐኪም ለማድረስ፥ ተማሪም ወደ ትምህርት ቤቱ ለመሄድ ውኃው እስኪጎድል ድረስ በዳር ቆሞ ይጠብቃል። መጠበቅ አቅቶት የገባውንም ሰው ውኃው የወሰደበት ጊዜ ብዙ ነው። ድልድይ የሌለው መንገድ የበጋ መንገድ ነው እንጂ የዓመት መንገድ አይባልም።

በዚህ ትምህርት የብረት ድልድይ ምን እንደ ሆነ፥ እንዴትም እንደሚቆምና እንዴት እንደሚጠበቅ እንመለከታለን። የነገሩም ፍሬ ይህ ነው፤ የብረት ድልድይ የሚቆመው በአንድ ትልቅ ብረት ጥንካሬ አይደለም። ብዙ ቀጫጭን ብረቶች እርስ በርሳቸው ሸክሙን ስለሚቀባበሉ ነው። ከእነርሱም አንዱ ሲጎድል ወይም ሲጎብጥ ሁሉም ለአደጋ ይጋለጣሉ።

፪ ከግንድ እስከ ብረት

ሰው መጀመሪያ የሠራው ድልድይ ከዳር እስከ ዳር የተጋደመ ግንድ ነበረ። ግንድ ግን ይበሰብሳል፤ ምስጥም ይበላዋል፤ ርዝመቱም ከዛፉ ቁመት አያልፍም። ከዚህ በኋላ ብልሃተኞች ድንጋይን በቀስት አምሳል ደርድረው በኖራ አጣብቀው መሥራት ጀመሩ። በአገራችንም በዐፄ ሱስንዮስና በልጃቸው በዐፄ ፋሲለደስ ዘመን እንዲህ ያለ ድልድይ በዓባይ ላይ ተሠርቷል፤ ከጢስ ዓባይ ፏፏቴ በታች ያለው የአላታ ድልድይ ለዚህ ምስክር ነው። የድንጋይ ድልድይ ዕድሜው ረዥም ነው፤ ነገር ግን እጅግ ከባድ ስለሆነ ጽኑ ዐለት ይፈልጋል። ወንዙ ሰፊ፥ ዳሩም ልል አፈር በሆነበት ስፍራ ለመሥራት ያስቸግራል።

በዓለም የመጀመሪያው ታላቅ የብረት ድልድይ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1779 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር በሰቨርን ወንዝ ላይ ቆመ። ርዝመቱ ከዳር እስከ ዳር 30 ሜትር ያህል ነው፤ ዛሬም በቦታው አለ። የተሠራበት ብረት ቀልጦ በቅርጽ ውስጥ የፈሰሰ ነበረ። እንዲህ ያለው ብረት ሲጫኑት ይችላል፤ ሲስቡት ግን እንደ ሸክላ ይሰበራል። ከዚያ በኋላ የተቀጠቀጠ ብረት፥ ቀጥሎም አረብ ብረት በብዛት መሠራት ስለ ጀመረ፥ መጫንንም መሳብንም የሚችል ዘንግ ተገኘ። የዛሬው የብረት ድልድይ መሠረቱ ይህ ነው።

ወደ አገራችን ስንመለስ፥ ዐፄ ምኒልክ ገና የሸዋ ንጉሥ ሳሉ፥ በ1870ዎቹ ዓ.ም. የስዊስ ተወላጅ በሆነው በመሐንዲሱ በአልፍሬድ ኢልግ እጅ በአዋሽ ወንዝ ላይ ድልድይ አሠሩ። በዚያ ዘመን መኪናም ባቡርም ስላልነበረ ዕቃው በሰው ትከሻና በከብት ጀርባ ተጓጓዘ፤ ሚስማሩና ብሎኑ እንኳ በእጅ ተቀጥቅጦ ተሠራ። ልጆች ሆይ፥ ይህን ስታነቡ ብረት ሠሪውን አስቡ። በብዙ የአገራችን ክፍል፥ በወላይታም ጭምር፥ ብረት ቀጥቃጭን መናቅና ማግለል ልማድ ሆኖ ኖሯል። ዐፄ ምኒልክ ግን በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው ምክንያት መስደብን በአዋጅ ከለከሉ። ማረሻችንን፥ መጥረቢያችንንና ድልድያችንን የሚሠራልንን ሰው መናቅ፥ የተሻገርንበትን ድልድይ እንደ መናቅ ነው።

ከጂቡቲ የተነሣው የምድር ባቡር ሥራ በ1890 ዓ.ም. ተጀምሮ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ደረሰ፤ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ። በዚህ መንገድ ላይ ብዙ የብረት ድልድዮች ተሠሩ፤ ከእነርሱም ስሙ የታወቀው የአዋሽን ገደል የሚሻገረው ነው። ያ የቀድሞው ባቡር ዛሬ ወደ አዲስ አበባ አይመላለስም፤ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ የባቡር መስመር ተተክቶበታል።

፫ ድልድይ በተሰበረ ጊዜ

የድልድይ ዋጋ የሚታወቀው በታጣ ጊዜ ነው። በ1933 ዓ.ም. የጣሊያን ጦር ከምሥራቅ ተሸንፎ ሲያፈገፍግ የአዋሽን ድልድይ ሰብሮ ሄደ። የሚያሳድደው ሠራዊት በመጋቢት 25 ቀን ግድ ወንዙን ተሻግሮ በመጋቢት 28 ቀን አዲስ አበባ ገባ። ሰው በገደል ወርዶ በውኃ ሊያልፍ ይችላል፤ ባቡር ግን ያለ ድልድይ አያልፍም። ስለዚህ ጠላት ከተባረረ በኋላ ድልድዩን መልሶ መሥራት የግድ ሆነ።

ጦርነቱ ወደ ደቡብ ሲመጣ የወንዞች ነገር ይበልጥ ከበደ። ከሻሸመኔ ወደ ሶዶ የሚወስደው መንገድ በሐላባ ቁሊቶ አጠገብ ብላቴን ይሻገራል። በግንቦት 11 ቀን 1933 ዓ.ም. የእንግሊዝ መንግሥት የምሥራቅ አፍሪቃ ወታደሮች በዚያ ስፍራ ወንዙን ተሻግረው ማዶውን ጥቂት እንደ ያዙ የጣሊያን ታንኮች መጡባቸው። ናይጀል ሊኪ የተባለ ሃምሳ አለቃ በታንክ ላይ ዘሎ ወጥቶ ታንኩን ማረከ፤ ነገር ግን በዚያው ቀን ሞተ። ከሞተም በኋላ የእንግሊዝ ታላቁ የጀግንነት ሜዳይ ተሰጠው። ወንዝን በእግር ለተሻገረ ሠራዊት ድልድይ ከሌለው ከባድ መሣሪያና ስንቅ ቶሎ ሊደርስለት አይችልም፤ የጎደለውን ድልድይ ዋጋ ሰው በሕይወቱ ይከፍላል። ሶዶ በግንቦት 14 ቀን ተያዘች። ከዚያም ወደ ጅማ የሚሄዱት ወታደሮች በግንቦት መጨረሻ በዝናብ የሞላውን ኦሞን መሻገር ሆነባቸው።

፬ ስድስት ሰዎች የሚሸከሙት ድልድይ

በዚያው ጦርነት ጊዜ ዶናልድ ቤይሊ የተባለ እንግሊዛዊ መሐንዲስ አዲስ ዓይነት የብረት ድልድይ አሰበ። ሐሳቡ ቀላል ነበረ፤ ድልድዩን ሁሉ በአንድ ጊዜ ከማምጣት ይልቅ፥ አንዱ ከሌላው የማይለይ ብዙ የብረት ክፈፍ ሠርቶ በስፍራው መገጣጠም ነው። የአንዱ ክፈፍ ርዝመት 3 ሜትር ያህል፥ ክብደቱም 260 ኪሎ ግራም ያህል ነው። ይህን ስድስት ሰዎች በትከሻቸው ይሸከሙታል። ክፈፉን ከክፈፍ ጋር በወፍራም የብረት ካስማ ያያይዙታል፤ ሸክሙ ከባድ ሲሆን ሁለት ወይም ሦስት ክፈፍ ጎን ለጎን ወይም አንዱን በሌላው ላይ ይደርቡታል። ከዳር ላይ ከተገጣጠመ በኋላ በተንከባላይ ብረት ላይ እየገፉ ወደ ማዶ ያሻግሩታል። ስለዚህ በወንዙ መካከል ምሰሶ ሳይቆም፥ ትልቅ ማንሻም ሳይመጣ ድልድይ ይዘረጋል።

ይህ ዓይነት ተገጣጣሚ ድልድይ ለጦር ሜዳ ቢታሰብም ከጦርነት በኋላ ለሰላም ሥራ እጅግ ጠቀመ። በአገራችንም ጎርፍ የቀድሞውን ድልድይ በወሰደበት ወይም መንገድ በአስቸኳይ በሚፈለግበት ስፍራ ይዘረጋል። በላዩ የተነጠፈውን እንጨት ወይም የብረት ሰሌዳ መኪና ሲረግጠው የሚሰማውን ኳኳታ የምታውቁ ትኖራላችሁ።

ወደ እንደዚህ ያለ ድልድይ ቀርባችሁ ጎኑን ብትመለከቱት፥ ቀዳዳው ከብረቱ ይበልጣል። ዘንጎቹም ተያይዘው በየቦታው ሦስት ማዕዘን ያበጃሉ። ይህን ያህል ባዶ የሆነ ነገር እንዴት መኪናን ይሸከማል? መልሱን በእጃችሁ ሠርታችሁ ታገኙታላችሁ።

፭ የሦስት ማዕዘን ኀይል

አንደኛ ሙከራ። እርጥብ የበቆሎ አገዳ ወስዳችሁ በሁለት ድንጋዮች ላይ አጋድሙ። በመካከሉ፥ በላይኛው ጎኑ ላይ በቢላዋ ትንሽ ሰንጥቁ፤ ከዚያም በመካከሉ በእጃችሁ ተጫኑት። ስንጥቁ ይገጥማል። አሁን አገዳውን ገልብጡና ስንጥቁ ከታች ይሁን፤ እንደ ገና ተጫኑት። ስንጥቁ ይከፈታል፤ አገዳውም ከዚያ ይሰበራል። ከዚህ የምንማረው፥ ሸክም የተጫነበት ነገር የላይኛው ወገኑ እንደሚጨመቅ፥ የታችኛው ወገኑም እንደሚወጠር ነው። በመካከል ያለው አካል ግን የሚሠራው ጥቂት ነው። ስለዚህ መሐንዲሱ ብዙ ጥቅም የሌለውን የመካከሉን አካል ያስቀርና፥ ከላይ አንድ ረዥም ዘንግ፥ ከታችም አንድ ረዥም ዘንግ አድርጎ ሁለቱን በሰያፍና በቋሚ ዘንጎች ያያይዛቸዋል። ድልድዩም ቀላልና ጠንካራ ይሆናል፤ ነፋስም በመካከሉ ያልፋል።

ሁለተኛ ሙከራ። እኩል የሆኑ አራት ዘንጎች ወስዳችሁ ጫፍ ለጫፍ በገመድ አስራችሁ አራት ማዕዘን ሥሩ። አንዱን ማዕዘን ብትገፉት ወዲያው ይጣመማል። ቀጥላችሁ ሦስት ዘንጎችን እንደዚሁ አስራችሁ ሦስት ማዕዘን ሥሩ። ይህን ብትገፉት ዘንጉ ካልተሰበረ ወይም እስሩ ካልተፈታ በቀር ቅርጹን አይለውጥም። ወደ መጀመሪያው ተመልሳችሁ በአራት ማዕዘኑ መካከል ከማዕዘን ወደ ማዕዘን አንድ ዘንግ በሰያፍ ብታስሩበት፥ ሁለት ሦስት ማዕዘን ይሆንና እርሱም ይጸናል። የቆርቆሮ ቤት ጣራ የተሸከመውን እንጨት ቀና ብላችሁ እዩ፤ አናጢው ይህንኑ ብልሃት እንደ ተጠቀመ ታገኛላችሁ።

እንግዲህ ሸክሙ በድልድዩ ውስጥ እንዴት እንደሚጓዝ እንመልከት። መኪናው በወለሉ ላይ ሲቆም ወለሉ ክብደቱን ለተሸከመው አግዳሚ ብረት ይሰጣል፤ አግዳሚው በዳርና በዳር ላሉት መጋጠሚያዎች ይሰጣል፤ መጋጠሚያዎቹም ለሰያፎቹ ያካፍላሉ። ከሰያፎቹ አንዳንዱ ይጨመቃል፥ አንዳንዱም ይወጠራል። እንዲህ እየተቀባበሉ ክብደቱን በወንዙ ዳር ወደ ቆመው ግንብ ያደርሱታል፤ ግንቡም ለምድር ያስረክበዋል። በላይኛውና በታችኛው ዘንግ መካከል ያለው ቁመት ሁለት እጥፍ ቢሆን፥ በሁለቱ ዘንጎች ላይ የሚደርሰው ኀይል ወደ ግማሽ ይቀንሳል። ረዥም ድልድይ ጎኑ ከፍ ተደርጎ የሚሠራው ስለዚህ ነው።

፮ የጎበጠው ብረት የተናገረው

ዘንጎቹ ሁሉ የሚረዳዱ ከሆነ የአንዱ መጉበጥ ለሌሎቹ ምን ያመጣል? ይህን የሚያስተምር መራራ ታሪክ በካናዳ አገር ሆነ። በኬቤክ ከተማ አጠገብ በሴንት ሎረንስ ወንዝ ላይ ታላቅ የብረት ድልድይ ይሠራ ነበር። የመካከሉ ርዝመት 549 ሜትር እንዲሆን ታስቦ ነበር፤ በዚያ ዘመን ይህን ያህል የሚረዝም አልነበረም። ነገር ግን ሐሳቡ ሲለወጥና ድልድዩ ሲረዝም የራሱ ክብደት ምን ያህል እንደ ጨመረ በጊዜው በደንብ አልተሰላም።

በ1899 ዓ.ም. በነሐሴ ወር ከታችኞቹ ዘንጎች አንዱ መጉበጥ ጀመረ። መጀመሪያ ሲለካ ጉብጠቱ 19 ሚሊ ሜትር ነበረ፤ ሁለት ሳምንት ያህል ቆይቶ 57 ሚሊ ሜትር ሆነ። ይህን የለካው ወጣት መሐንዲስ ወደ ኒውዮርክ በባቡር ሄዶ ለዋናው መሐንዲስ ነገረው። ዋናው መሐንዲስም በድልድዩ ላይ ሌላ ክብደት እንዳይጨመር በቴሌግራም አዘዘ። ትእዛዙ ግን ከሠራተኞቹ ዘንድ ሳይደርስ ቀረ። በነሐሴ 23 ቀን፥ የቀኑ ሥራ ሊያበቃ ሲል፥ የጎበጠው ዘንግ ተሸነፈ፤ ጎረቤቶቹም የእርሱን ሸክም ሊችሉ ስላልቻሉ ድልድዩ በሙሉ በጥቂት ሴኮንድ ውስጥ ወደ ወንዙ ወደቀ። በላዩ ከነበሩት 86 ሠራተኞች 75ቱ ሞቱ።

ልጆች ሆይ፥ ብረቱ ዝም አላለም። በመጉበጡ ከሁለት ሳምንት በፊት ጀምሮ ተናግሮ ነበር። ያዩትም ሰዎች ነበሩ። የጎደለው ያዩትን ነገር ቶሎ ሥልጣን ላለው ማድረስና ያን ጊዜውን ሥራውን ማቆም ነው። በእናንተም መንደር ያለ ትንሽ ድልድይ የሚናገረው በዚሁ ቋንቋ ነው።

፯ ድልድይን ስለ መጠበቅ

አንደኛ፥ ብሎን፥ ካስማና ዘንግ አይነካ። ለማረሻ ወይም ለማጭድ ብረት ይሆነኛል ብሎ አንድ ሰያፍ የፈታ ሰው፥ በሁለተኛው ሙከራ እንዳያችሁት፥ ጽኑውን ሦስት ማዕዘን ወደሚጣመም አራት ማዕዘን ለወጠው ማለት ነው። ድልድዩ በዚያ ቀን ላይወድቅ ይችላል፤ እህል የጫነ መኪና የሚመጣበት ቀን ግን አይቀርም።

ሁለተኛ፥ ዝገትን እወቁ። ሁለት ሚስማር ወስዳችሁ አንዱን ሞራ ቀብታችሁ፥ ሌላውን ሳትቀቡ በእርጥብ አፈር ላይ ለአንድ ሳምንት አኑሩ። ያልተቀባው ይዝጋል። ብረት የሚዝገው አየርና ውኃ በአንድነት ሲያገኙት ነውና፥ ቀለም የሚቀባው ለጌጥ ብቻ አይደለም። ዝገት ከራሱ ከብረቱ ይልቅ ሰፊ ቦታ ስለሚይዝ በመጋጠሚያ ውስጥ ገብቶ ብረትን ከብረት ያላቅቃል። በመጋጠሚያው ላይ የተጠራቀመ ጭቃና የከብት እበት እርጥበት ይዞ ስለሚቆይ መጠረግ አለበት።

ሦስተኛ፥ በድልድይ ጫፍ ያለውን ክፍተት በድንጋይ አትድፈኑ። ብረት ፀሐይ ሲመታው ይረዝማል፤ 30 ሜትር የሆነ ድልድይ ሙቀቱ በ30 ዲግሪ ቢጨምር አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ይረዝማል። ክፍተቱ ከተደፈነ ብረቱ መሄጃ አጥቶ ግንቡን ይገፋል።

አራተኛ፥ በድልድይ እግር አጠገብ አሸዋና ድንጋይ አይቆፈር። ብዙ ድልድዮች የሚወድቁት ብረታቸው ደክሞ ሳይሆን፥ ጎርፍ ከግንቡ ሥር ያለውን አፈር ጠርጎ ስለሚወስደው ነው። በዳሩ ላይ ሣርና ዛፍ መትከል፥ ከላይም በተራራው ላይ እርከን መሥራት ጎርፉን ያበርዳል። የዳሞታን ጎን የሚጠብቅ ገበሬ በታች ያለውን ድልድይ ጭምር ይጠብቃል።

አምስተኛ፥ በድልድዩ መግቢያ የተጻፈው የክብደት ልክ ይከበር። ከብት የምትነዱም መንጋውን ባንድ ጊዜ በጥድፊያ አትንዱ፤ ከፍላችሁ በቀስታ አሳልፉ።

ስድስተኛ፥ የጎበጠ ዘንግ፥ የላላ ብሎን፥ የተሰነጠቀ ግንብ ወይም በግንብ ሥር አዲስ ጉድጓድ ያየ ተማሪ በዚያው ቀን ለመምህሩ ይንገር። መምህሩም ለቀበሌው ሹም፥ ሹሙም ለመንገድ ሥራ ክፍል ያስታውቅ። «ትንሽ ነገር ነው፤ ነገ እነግራለሁ» ማለት የኬቤክን ጥፋት መድገም ነው።

ድልድይን የሚያቆሙት ጥቂት ሰዎች ናቸው፤ የሚያቆዩት ግን የሚሻገሩበት ሁሉ ናቸው። ዛሬ ቀለሙን የምታዩለት፥ ብሎኑን የምትጠብቁለት ድልድይ፥ በክረምት ሌሊት የታመመውን ወንድማችሁን ወደ ሶዶ የሚያደርሰው እርሱ ነው።

ጥያቄዎች

፩ ሸክም የተጫነበት አገዳ በየትኛው ወገኑ ይጨመቃል? በየትኛው ይወጠራል?
፪ ሦስት ማዕዘን ከአራት ማዕዘን ይልቅ ለምን ይጸናል?
፫ ስድስት ሰዎች የሚሸከሙት የብረት ክፈፍ ክብደቱ ስንት ነው? እያንዳንዱ ሰው ምን ያህል ኪሎ ግራም ይደርሰዋል?
፬ የኬቤክ ድልድይ ከመውደቁ አስቀድሞ ምን ምልክት አሳየ? ምን ቢደረግ ኖሮ ሰዎቹ ይተርፉ ነበር?
፭ ወደ ቤታችሁ በሚወስደው መንገድ ያለውን ድልድይ ሄዳችሁ ተመልከቱ። ከግንድ፥ ከድንጋይ፥ ከሲሚንቶ ወይስ ከብረት ተሠርቷል? ከላይ ከተጻፉት ስድስት ነገሮች የትኛው ጎድሎበታል? በደብተራችሁ ጽፋችሁ ለመምህራችሁ አሳዩ።